ግብ ማውጣትና ስፖርታዊ ጨዋነት፦ ከቦሩ ሜዳ ጉም የተማርኩት

መግቢያ

«ስፖርታዊ ጨዋነት ምንድን ነው?» ተብለን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንመልሰው ተመሳሳይ ነው። ሕግን ማክበር፣ ዳኛን አለመሳደብ፣ ሲሸነፉ እጅ መጨበጥ እንላለን። «ግብ ማውጣትስ?» ሲባል ደግሞ የሚለካ፣ የሚደረስበትና ጊዜ የተቆረጠለት ዕቅድ ነው ብለን እንመልሳለን። ሁለቱን ርዕሶች የምንማራቸው በተለያየ ኮርስና በተለያየ ሴሚስተር ስለሆነ ደብተራችንም ውስጥ ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማይገናኙ ይመስሉኝ ነበር።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው ግን ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን ነው። አንድ ስፖርተኛ ለራሱ የሚያወጣው የግብ ዓይነት ተፎካካሪውን የሚያይበትን ዓይን ይወስነዋል። ግቡ «እገሌን መቅደም» ብቻ ከሆነ እገሌ እንቅፋት ይሆንበታል። ግቡ የራሱን ብቃት ማሻሻል ከሆነ ግን ያው እገሌ አጋዥ ይሆንለታል። ይህንን ከክፍል ትምህርት፣ ከታላላቅ አትሌቶቻችን ታሪክና በራሴ ላይ ከደረሰው ተነስቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የራሴን መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል። ግን እሱን ትቼ ስለ ጨዋነት ባወራ ጽሑፉ ባዶ ይሆንብኛል።

ጉም የወረደ ቀን

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኝ ደጋ ናት። የታሪክ ተማሪዎች የሚያውቋት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። የደሴና የአካባቢው ሰው ደግሞ በሆስፒታሏ ያውቃታል። እኛ የስፖርት ተማሪዎች የምናውቃት በሰፊ ሜዳዋ፣ በብርዷና በጉሟ ነው።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። የሀረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ የገባሁ ሰሞን ደረጃ ስወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ግን ለመድኩትና ከክፍላችን ሯጮች ሁለተኛ ሆንኩ። አንደኛው አብሮኝ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ የቦሩ ሜዳ ልጅ ነበር። ስሙን እዚህ መጥቀስ አያስፈልግም። በልምምድ ላይ አንድም ቀን ቀድሜው አላውቅም።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን የ5 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ውድድር ቦሩ ሜዳ ላይ ተዘጋጀ። ኮሌጁን ወክሎ ለሚሄደው ቡድን የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አንደኛ የወጣ ቦታውን ያገኛል፣ ቱታም ይሸለማል። ቱታ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በዚያ ጊዜ እኔ የምለማመደው ከወንድሜ በወረስኩት ሱሪ ስለነበር ቱታዋ በሕልሜ ሁሉ ትመጣ ነበር። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ግብም አንድ መስመር ነው፤ «እሱን መቅደም»። ስሙን ጭምር ጽፌዋለሁ።

ውድድሩ 2.5 ኪሎ ሜትር የሆነውን መስመር ሁለት ጊዜ መዞር ነው። መታጠፊያዎቹ ላይ እንጨት ተተክሎ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። የመጀመሪያውን ዙር አብረን ጨረስን። በሁለተኛው ዙር እሱ ሠላሳ ሜትር ያህል ጥሎኝ ሄደ፤ ወዲያው ደግሞ ጉሙ ወረደ። የቦሩን ጉም የማያውቅ ሰው «ጉም ነው እንጂ ግድግዳ ነው እንዴ?» ሊል ይችላል። ከሃያ እርምጃ ወዲያ ምንም አይታይም ነበር። የሩቁ መታጠፊያ ላይ የቆሙት ልጆች ብርዱ አስመርሯቸው ይሁን ሌላ እንጃ፣ ቦታቸው ላይ አልነበሩም። እኔም ጨርቁን ሳላይ አልፌ ቀጥ ብዬ የከብት መንገድ ይዤ ሄድኩ።

ከጀርባዬ ጩኸት ሰማሁ። «አንተ! በዚህ ነው! በዚህ!» ይላል። የእግሬ ኮቴ ከኋላው ሲጠፋበት ጊዜ ወደ መታጠፊያው ተመልሶ፣ እንጨቱ ሥር ቆሞ እየጠራኝ ነበር። ድምፁን ተከትዬ ተመለስኩ። እስክደርስ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ስደርስ «አብሽር፣ ና!» ብሎኝ አብረን መሮጥ ጀመርን። የመጨረሻዋ 200 ሜትር ላይ ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ ቀደምኩት። እኔ 19 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ፣ እሱ 19 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገባን።

መምህራችን ሰዓቱን ከመዘገቡ በኋላ «ጉሙ መንገድ አላሳታችሁም?» ብለው ጠየቁን። «የለም መምህር፣ ደህና ነበር» አልኩ። እሱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ ዝም አለ። ቦታውንም ቱታውንም ወሰድኩ።

ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ደብተሩ ተከፍቶ የመጨረሻውን ገጽ አየሁት። የልምምድ ሰዓቶቹን የሚመዘግብበት ገጽ ነው። «ግብ፦ ከ19 በታች። ውጤት፦ 19:06። ጉም ነበር፣ ቆሜያለሁ።» ይላል። የእኔ ስም የትም የለም። እኔ ስሙን ጽፌ ሳሳድደው የከረምኩት ልጅ እኔን ግቡ ውስጥ አላስገባኝም ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ግን ለማንም ምንም አልተናገርኩም።

ኮሌጁን ወክዬ ስሄድ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይያያዛል። መነሻው ላይ ቆሜ ዙሪያዬን ስመለከት የማውቀው ሰው የለም። ማንን እንደምቀድም አላወቅኩም። በስንት ሰዓት መግባት እንደምፈልግም አስቤ አላውቅም። ፊሽካው ሲነፋ ከፊተኞቹ ጋር በረርኩ፣ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎኔን ያዘኝ፣ ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባሁ። ያለችኝን አንድ ግብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጨርሻት ነበርና።

ሦስቱ የግብ ዓይነቶች

ይህ ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ የስፖርት ሥነ ልቦና ኮርስ ስንወስድ ነው። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ላተም የተባሉ አሜሪካዊና ካናዳዊ ምሁራን ግብ በሰው ሥራ ላይ ስላለው ኃይል ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ያገኙት ዋና ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ግልጽና ከበድ ያለ ግብ የያዘ ሰው «የቻልኩትን አደርጋለሁ» ከሚል ሰው የተሻለ ይሠራል። በስፖርት ትምህርት ደግሞ ግብ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው የውጤት ግብ ነው። አንደኛ መውጣት፣ እገሌን ማሸነፍ፣ ዋንጫ ማንሳት የመሳሰለው ነው። ችግሩ ግማሹ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። አንተ የሕይወትህን ምርጥ ሩጫ ብትሮጥም ሌላው ከበለጠህ ግብህን አልመታህም።

ሁለተኛው የብቃት ግብ ነው። 5 ኪሎ ሜትርን ከ19 ደቂቃ በታች መሮጥ ለዚህ ምሳሌ ነው። መለኪያው የራስህ ያለፈ ውጤት ነው።

ሦስተኛው የሂደት ግብ ነው። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር አለመፍጠን፣ ዳገት ላይ እርምጃን ማሳጠር፣ ትከሻን ማላላት፣ በሳምንት አራት ቀን ልምምድ አለማቋረጥ ከዚህ ይመደባሉ። ይህኛው ሙሉ በሙሉ በእጅህ ነው።

ከጨዋነት ጋር የሚያገናኘው ጥናት የመጣው በሌላ በኩል ነው። ጆን ኒኮልስ የተባለ ምሁር ሰዎች «ጎበዝ ነኝ» የሚሉበትን መንገድ በሁለት ከፈለው፤ አንዱ ሥራውን ከትናንት አሻሽሎ በመሥራት ሲረካ ሌላው ከሰው በመብለጥ ብቻ ይረካል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጆአን ዱዳና ባልደረቦቿ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ሲጠይቁ፣ ለሥራው መሻሻል ብዙም ግድ የሌላቸውና መብለጥ ላይ ብቻ ያተኮሩት ማጭበርበርን በይበልጥ እንደሚቀበሉ አገኙ። ይህንን ስማር ትዝ ያለኝ የእኔ ደብተርና የእሱ ደብተር ነው።

እንግዲህ ማሸነፍን መፈለግ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ማሸነፍ የማይፈልግ ሰው ለምን ይወዳደራል? ጥፋቱ ሌላ ግብ አለመያዝ ነው። አንድ ብቻ ግብ ያለው ሰው ያቺ ግብ ስትነካበት ሁሉንም ያጣ ይመስለዋል። ያኔ ነው ክርን የሚሠነዘረው፣ ዕድሜ የሚቀነሰው፣ ዙር የሚዘለለው፣ ወይም እንደ እኔ «ደህና ነበር» የሚባለው።

አማተርና ፕሮፌሽናል

«አማተር» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ወዳድ፣ አፍቃሪ ማለት ነው። ገንዘብ ሳይሆን ፍቅር የሚያሮጠው እንደማለት ነው። ባገራችን ዘመናዊ ስፖርት ከመግባቱ በፊትም ይህ ነበረ። ገና ሲደርስ በየሜዳው ሩሩን እየመታ የሚጫወተው ጎረምሳ ደመወዝ የለውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ራሱ አንድ የጨዋነት ሕግ ነው። ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው፣ የተመታም ቂም አይይዝም ማለት ነው።

ፕሮፌሽናል አትሌት ግን ውል አለው፣ ማናጀር አለው፣ በአንድ ሩጫ ቤት ሊሠራ ወይም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጨዋነት ያለው አማተሩ ጋ ነው፣ ገንዘብ ሲገባ ይጠፋል ይላል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ፕሮፌሽናሉን ካሜራ ያየዋል፣ ሰዓቱን ማሽን ይይዝለታል፣ ሽንቱና ደሙ ይመረመራል። በቦሩ ሜዳ ጉም ውስጥ ግን ማን ያየናል? አማተሩ ብዙ ጊዜ ዳኛው ራሱ ነው። ቱታዋም ብትሆን ለባለቤቷ ትንሽ አይደለችም። ስለዚህ የፈተናው መጠን በገንዘቡ ብዛት ብቻ አይለካም።

ከአትሌቶቻችን ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ተፎካካሪ መሰላል ሊሆን ይችላል። የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰንን ታሪክ እንመልከት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ሄንግሎ ላይ 12:56.96 ሮጠ። በ1995 ኬንያዊው ሞሰስ ኪፕታኑይ 12:55.30 አደረገው። በዚያው ዓመት ኃይሌ ዙሪክ ላይ ወደ 12:44.39 አወረደው። በነሐሴ 1997 ኃይሌ እንደገና 12:41.86 ሲሮጥ፣ ከ9 ቀን በኋላ ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን ብራስልስ ላይ 12:39.74 በመሮጥ ወሰደበት። ኃይሌ በ1998 ሄልሲንኪ ላይ በ12:39.36 አስመለሰው። ከዚያ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 ወደ 12:37.35፣ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ደግሞ በ2020 ወደ 12:35.36 አወረዱት። ሰከንዶቹን ልብ በሉ። ኪፕታኑይና ኮመን ባይኖሩ ኃይሌ ያንን ያህል ዝቅ ይል ነበር? እኔ አይመስለኝም። አንዱ የሌላውን ግብ ከፍ እያደረገለት ነው የሄዱት።

ሁለተኛ፣ ግብ አንድ ብቻ መሆን የለበትም። ለዚህ ምሳሌ የማደርገው ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ነው። በአትላንታ 1996 እና በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ። ሲድኒ ላይ የለያያቸው 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው፤ 27:18.20 እና 27:18.29። በዓለም ሻምፒዮና ትራክ ላይም ኃይሌን አላሸነፈም። ግቡ «ኃይሌን መቅደም» ብቻ ቢሆን ኖሮ ቴርጋት ዕድሜውን በከንቱ ያሳለፈ ሰው በሆነ ነበር። ነገር ግን ከ1995 እስከ 1999 በተከታታይ አምስት ጊዜ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ኃይሌ ይህንን የአዋቂዎች ድል አንድም ጊዜ አላገኘም። ቴርጋት በ2003 በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን 2:04:55 አድርጎታል። ክብረ ወሰኑን በ2007 እዚያው በርሊን ላይ በ2:04:26 የሰበረው ማን መሰላችሁ? ኃይሌ ነው። አሁንም መሰላሉ አለ።

ሦስተኛ፣ ጨዋነት ማሸነፍን መተው አይደለም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና 10,000 ሜትር ስትሮጥ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ረጅሙን መንገድ መራች፣ ደራርቱ ከኋላዋ ተጠግታ ተከተለች። መሪነቱን አልተቀበለቻትም። ይህ ሕጋዊ ታክቲክ ነው። መጨረሻው ዙር አካባቢ ጥላት ሄዳ በ31:06.02 የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ከዚያ ግን መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ሜየርን ጠበቀቻት፣ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ታግዳ ቆይታ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ዓመት ስለነበር ያ ምስል በዓለም ሁሉ ታየ።

ከ17 ዓመት በኋላም ያችው ደራርቱ ናት። በኅዳር 1 ቀን 2009 የኒው ዮርክ ማራቶን ላይ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ሕመም ተሰምቷት ከመሪዎቹ ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ዞር እያለች እንድትከተላት አበረታታቻት። በእኛ በወሎዎች ቋንቋ «አብሽሪ» አለቻት ማለት ነው። ፓውላ ያኔ የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረች፤ ብትቀር ለደራርቱ ይቀላት ነበር። ደራርቱ በ37 ዓመቷ 2:28:52 ሮጣ አሸነፈች፣ ፓውላ አራተኛ ወጣች። ይህ የሆነው የገንዘብ ሽልማት ባለበት የፕሮፌሽናል ውድድር ላይ መሆኑን አስተውሉ።

አራተኛ፣ ቦታን መልቀቅም ግብን መምታት ሊሆን ይችላል። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ ለማራቶን የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። የዚያኑ ዓመት የቦስተን ማራቶን አሸናፊ የነበረው ሲሳይ ለማ ጉዳት ስላጋጠመው ቦታውን ለቀቀለት። ታምራት በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ፣ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ የመጀመሪያውን የወንዶች ማራቶን ወርቅ ላገራችን አመጣ። ሲሳይ ጉዳቱን ደብቆ ቢሰለፍ ምን ይፈጠር ነበር? ታምራትስ «ተጠባባቂ ነኝ» ብሎ ልምምዱን ቢያላላ? የመሰለፉ ነገር በእጁ አልነበረም። ልምምዱ ግን በእጁ ነበር። የሂደት ግብ ማለት ይኼው ነው።

በመጨረሻ የእኔን ታሪክ የሚመስል አንድ ልጨምር። በታኅሣሥ 2012 ስፔን ውስጥ ቡርላዳ በምትባል ከተማ በተደረገ አገር አቋራጭ ላይ ኬንያዊው አቤል ሙታይ እየመራ ሳለ የጨረሰ መስሎት ከመጨረሻው መስመር በፊት ቆመ። ሁለተኛ የነበረው ስፔናዊው ኢቫን ፈርናንዴዝ አናያ ሊያልፈው ሲችል አላለፈውም፤ ከኋላው ሆኖ መስመሩን አሳየው። ሙታይ አንደኛ፣ አናያ ሁለተኛ ሆኑ። ቢያልፈው ማንም ሕግ አይከሰውም ነበር። እኔንም ሕግ አይከሰኝም። ስፖርታዊ ጨዋነት የሚጀምረው ሕጉ ዝም ካለበት ቦታ ነው።

በእኛ አካባቢ ግብ ስናወጣ

ከዚህ የተነሳ ለክፍል ጓደኞቼና ወደፊት ለምናስተምራቸው ተማሪዎች የሚከተለውን እጠቁማለሁ።

1. ከፍታን አስቡ። አየሩ በሳሳበት ቦታ ረጅም ርቀት ስንሮጥ ሰዓታችን ይዘገያል። የቦሩ ሜዳን 19 ደቂቃ ከኮምቦልቻ 19 ደቂቃ ጋር እኩል አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሮጥከውን ከኮምቦልቻ፣ ቦሩ ላይ የሮጥከውን ከቦሩ ጋር ብቻ አወዳድር።

2. ግቡን ከፋፍሉት። 5 ኪሎ ሜትርን በ20 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ሮጧል ማለት ነው። ወደ 19 ለመውረድ በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፣ በ400 ሜትር ዙር ደግሞ 91 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። «አንድ ደቂቃ ልቀንስ» ሲባል ያስፈራል። «በየኪሎ ሜትሩ 12 ሰከንድ» ሲባል ግን ሊሠራ የሚችል ነገር ይመስላል። ለዚህም በቂ ሳምንታት ስጡት፣ በአንድ ወር አይሆንም።

3. ሦስቱንም ዓይነት ጻፉ። አንድ የውጤት፣ አንድ የብቃት፣ ሁለት ወይም ሦስት የሂደት ግብ ይኑራችሁ። የውጤቱ ቢያመልጥ ሌሎቹ ይቀራሉ።

4. የጨዋነት ግብም ጻፉ። ይህንን መጽሐፍ ላይ አላየሁትም፣ የራሴ ጭማሪ ነው። «ዳኛው ሲጠይቀኝ የሆነውን እናገራለሁ» ብዬ ከውድድሩ በፊት ጽፌ ቢሆን ኖሮ በዚያች ደቂቃ አፌ አይያዝም ነበር ብዬ አምናለሁ። በድካምና በጉጉት ሰዓት ሰው የሚያደርገው አስቀድሞ የወሰነውን ነው።

5. የሰው ስም ግብ አድርጋችሁ አትጻፉ።

ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህንን ሞክሬዋለሁ። የ5ኛ ክፍል ልጆችን 1,000 ሜትር አስሮጥኩና ለእያንዳንዳቸው ሰዓታቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግመው ሲሮጡ ማን አንደኛ እንደወጣ አልተናገርኩም። ማን ስንት ሰከንድ እንደቀነሰ አነበብኩ። ሁለቱንም ጊዜ መጨረሻ የገባች አንዲት ልጅ 40 ሰከንድ ቀንሳ ነበር። የእሷን ስነግራቸው ሁለቱንም ጊዜ አንደኛ የወጣው ልጅ ቀድሞ አጨበጨበላት። የእሱ አንደኝነት አልተነካበትምና ማጨብጨብ አልከበደውም። ይህ ጥናት አይደለም፣ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ግን ያየሁትን አየሁ።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማስረዳት እንደሞከርኩት ስፖርታዊ ጨዋነት ውድድሩ ሲያልቅ የሚለበስ ካባ አይደለም። ግባችንን በምንጽፍበት ምሽት ነው የሚጀምረው። የሚለካና ከባድ ግብ እናውጣ፣ ለማሸነፍም እንሩጥ። ነገር ግን መለኪያው የራሳችን ይሁን። ያኔ ጉም ውስጥ የጠፋውን ተፎካካሪ መጥራት ኪሳራ አይሆንብንም።

እኔን በተመለከተ፣ ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ሁለት ነገር አድርጌአለሁ። መጀመሪያ መምህራችን ዘንድ ሄጄ የዚያን ቀን የሆነውን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ዘግይተሃል፤ ግን መጥተሃል» አሉኝ። ቡድኑ ውስጥ የነበረውን ቦታ ለጓደኛዬ ማንም ሊመልስለት አይችልም፤ ያ ውድድር አልፏል። ይህንን ዕዳ ተሸክሜው እኖራለሁ።

ቀጥሎ ጽሑፉን ለራሱ አነበብኩለት። ቦሩ ሜዳ ላይ ልምምድ ጨርሰን ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነበር። እስከመጨረሻው ሰምቶኝ «አብሽር» አለኝ። ቀጥሎ «ሰዓቱን በትክክል ጽፈኸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «19:06» አልኩት። «እሱ ያኔ ነው» ብሎ ሳቀና ደብተሩን ከቦርሳው አውጥቶ የመጨረሻውን ገጽ አሳየኝ። አሁን 17:52 ደርሷል። የእኔ 18:15 ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሮጣለን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች እሱ ያሯሩጠኛል። ግቤን ጽፌዋለሁ፤ ከ18 ደቂቃ በታች። የማንም ስም የለበትም።